የወር መርፌው በየጤና ጣቢያው ይሰጥ፦ ስለ ልብ ሕሙማን ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሪውማቲክ የልብ ሕሙማንን መርፌና አያያዝ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ አስታማሚ ሆኜ ነው። ታናሽ እህቴ ሪውማቲክ የልብ ሕመም አለባት። አንዱ የልቧ ቫልቭ፣ ማለትም የደም መተላለፊያ በር፣ በብረት ቫልቭ ተቀይሮላት ዛሬ ሥራ ትሠራለች፣ ቤት ታስተዳድራለች። እዚህ የደረሰችው በጎበዝ ሐኪሞች፣ በደግ ነርሶችና በእግዜር ቸርነት ነው። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ለልብ ሕሙማን በየወሩ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ ይሰጥ። ሰጪውም ተቀባይዋም ሳይፈሩ፣ ማንም ሳይንገላታ።

ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር ላስታውስ፤ ደብዳቤውን ሌላውም ሰው ያነበዋልና።

ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። ቤተሰቡ "ቶንሲል ነው" ይላል። ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ በጨውና ለብ ባለ ውሃ ይጉመጠመጣል። ዛሬም እንጥል ቆራጭ ጋ የሚወስድ ቤተሰብ አለ። ልጁ በሳምንቱ ይነሳና ኳሱን ይጫወታል። ጉሮሮውን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነና በፔኒሲሊን ካልታከመ ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የራሳቸውን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል። "ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው" ይባላል። እብጠቱም ይሽራል። የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው እየወፈረ ቫልቩ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ከዓመታት በኋላ ወጣቱ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሴቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታውቀው የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ነው። እርግዝናው ለልብ ሥራ ሲጨምርበት መተኛት ያቅታታል፣ ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች።

ሕመሙ የድሃ ሕመም ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ሰው በሚያድርበት፣ ጤና ጣቢያ በሚርቅበት አገር ይኖራል። አሜሪካና አውሮፓም ነበረ፤ ኑሮ ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲመጣ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በዓለም ላይ ዛሬም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አብሮት ይኖራል። እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳይ ጥናት አለ። ጅማ ውስጥ ምንም አያመንም የሚሉ ተማሪዎች ልባቸው በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ሲታይ፣ ከ1,000 ተማሪ ወደ 30 የሚጠጉት የሪውማቲክ የልብ ሕመም ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅል ከሰልፉ መሃል 30 ያህሉ ይህን ይዘው ቆመዋል ማለት ነው።

ጠባሳው እንዳይብስ የሚያደርገው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ለትንንሽ ልጆች ግማሹ፣ በየ4 ሳምንቱ በመርፌ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ይወስደዋል፤ እስከ 40 ዓመቱ የሚቀጥልም፣ ዕድሜ ልኩን የሚወስድም አለ።

"ይሠራል ወይ?" ለሚል መልሱ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቷል። የኡጋንዳና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በሰሜን ኡጋንዳ በኢኮ ምርመራ ገና ምልክት ሳያሳዩ የተገኙ 818 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ወሰደ፣ ግማሹ በክትትል ብቻ ቆየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልቡ የባሰበት ልጅ መርፌ ከወሰዱት መካከል 3፣ ካልወሰዱት መካከል 33 ሆነ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። 3 እና 33። እኔ ይህን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ መርፌ ያመለጠውን ልጅ ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

አሁን ወደ እኛ ኑሮ ልምጣ።

እህቴ ከዋና ከተማ ወጣ ብላ በምትሠራበት ጊዜ መርፌዋን በአቅራቢያዋ መውሰድ ፈለገች። ካርዷን ይዛ ሄደች። "እኛ ይሄን አንሰጥም፣ የታከምሽበት ሆስፒታል ሂጂ" አሏት። ወደ ሌላው ሄደች። እዚያ መድኃኒቱ አልቋል። ከውጭ ፋርማሲ ገዝታ ስትመለስ "ከውጭ የመጣ አንወጋም" ተባለች። በዚያ ወር መርፌው አለፋት። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልጽፍም። አንዱን ከሰን የምንፈታው ጉዳይ ስላልሆነ ነው፤ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ የማገኛቸው ሕሙማን ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ። አንዳንዱ ለአንድ መርፌ ሌሊት ተነስቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ሰው ቤት አድሮ ነው የሚመለሰው። የቀን ሠራተኛ ይህን በየወሩ ለ10 ዓመት እንዲያደርግ መጠበቅ አይቻልም። ሲያቋርጥ ደግሞ "ክትትሉን የማያከብር በሽተኛ" ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍበታል።

የጤና ጣቢያ ነርሶችን ፍርሃት እረዳለሁ። ፔኒሲሊን ሲወጋ ሰው ሞተ የሚል ወሬ በየቦታው አለ። አንዲት ነርስ ብቻዋን ተረኛ ሆና፣ አጠገቧ ሐኪም ሳይኖር፣ የልብ በሽተኛ ወግታ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይቆምላታል? ቤተሰብ ይጮህባታል፣ አለቃዋ ደብዳቤ ይጽፍባታል። ስለዚህ "አንሰጥም" ትላለች። ይህን ፍርሃት በስብሰባ ላይ "አትፍሩ" በማለት ማጥፋት አይቻልም። እውቀት፣ መድኃኒትና ከለላ ያስፈልጋታል።

እውቀቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በ11 አገሮች የተካሄደ ጥናት 32,430 መርፌዎችን ቆጥሮ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያገኘው 4 ጊዜ ነው። አንድ ሰው ሞቷል፤ የዚያም ሰው ሕይወት ሕይወት ነውና በእያንዳንዱ መርፌ መስጫ ክፍል ለእንዲህ ያለው አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን መኖር አለበት፣ አሰጣጡንም የምታውቅ ነርስ መኖር አለባት። ሌላም አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከዚህ መርፌ በኋላ አለርጂ ተብለው ከተመዘገቡት ሞቶች አንዳንዶቹ በሕመሙና በድንጋጤው የተዳከመ ልብ ስላልቻለ የደረሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳስቧል። ስለዚህ ቫልቫቸው በጣም የተጎዳ ሰዎች በመርፌ ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲሰጣቸው በጥብቅ እንዲታሰብ ይመክራል። ይህ ምክር ወረዳ ላይ ላለችው ነርስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳዋ ላይ ቢለጠፍ፣ ማንን እንደምትወጋ፣ ማንን ለሐኪም እንደምታስተላልፍ ታውቃለች። ፍርሃቷም ቦታውን ያገኛል።

አንዲት ነርስ እህቴን ስትወጋ አይቻለሁ። ሁላችንም ሲስተር እያልን የምንጠራት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ "ቁርስ በልተሻል? ውሃስ ጠጥተሻል?" አለቻት። ከዚያ አስተኛቻት። ሌላው ቦታ ቆማ ነበር የምትወጋው። ብልቃጡን ወዲያው አልከፈተችም፤ እያወራቻት መዳፏ ውስጥ ይዛ አሞቀችው። ዱቄቱን በደንብ በጠበጠችው፤ ካልተበጠበጠ መርፌውን ይደፍነውና ሁለተኛ መውጋት ይመጣል። የምትወጋበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። መድኃኒቱን በጣም ቀስ ብላ ለቀቀችው። "አይዞሽ የኔ እናት፣ አለቀ" አለቻት። እህቴ በሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የምታነክሰው ልጅ በዚያን ቀን ቀጥ ብላ ሄደች። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ምንም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ሐኪሙ ከፈቀደ መርፌው ከሊዶኬይን ጋር ተበጥብጦ ሕመሙን መቀነስ እንደሚቻልም የታወቀ ነገር ነው። ለምን የሁሉም ቦታ አሠራር አይሆንም?

ርኅራኄ በጤና ዘርፋችን አዲስ ቃል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ ላይ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ፖስተሩ ዛሬም በየኮሪደሩ ተለጥፎ አያለሁ። ደስ የሚል ፖስተር ነው። ይሁንና የልብ ታማሚ አልጋ ላይ ርኅራኄ ምን እንደሚመስል በዝርዝር መነገር አለበት።

በማስተማሪያ ሆስፒታል የተኛ የልብ ሕመምተኛ የሚከተለውን ያውቀዋል። ጠዋት ራውንድ፣ ማለትም የሐኪሞችና የተማሪዎች ጉብኝት፣ ይመጣል። "ይቺ ኤምኤሷ ናት" ይባላል፤ ቫልቭዋ የጠበበው ማለታቸው ነው። የተጎዳ ቫልቭ የሚያሰማው ድምፅ ለትምህርት ጥሩ ነውና ተማሪው ሁሉ ማዳመጫውን በየተራ ያሳርፍባታል። ልብሷ ይገለጣል። ወሬው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ሰልፉ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። እህቴ "ምን አሉ?" አለችኝ። እኔም ለይቼ የሰማሁት "ሲቪር"፣ ከባድ፣ የሚለውን ብቻ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሬዚደንት ሐኪም ብቻውን ተመልሶ መጣ። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ስሟን ጠራት። የምርመራ ወረቀት ጀርባ ላይ አራት ክፍል ያለው ቤት ሳለ። "ይሄ ያንቺ ልብ ነው፤ በሩ ዝጎ በደንብ አይከፈትም፣ ደሙ እዚህ ይከማቻል፣ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ለዚህ ነው" አላት። መርፌው በሩን እንደማይጠግነው፣ ሌላ ዝገት እንዳይመጣበት እንደሚጠብቀው ነገራት። ጥያቄ እንዳላት ጠየቃት። "ልጅ መውለድ እችላለሁ?" አለችው። ያንን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። ሐኪሙ አልተቻኮለም፤ የሚቻልበትንም የሚያሰጋውንም ነገራት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መርፌዋን በሥርዓት መከታተል የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪ መማር አለበት፣ በእሱ አልከራከርም። በሽተኛዋን አስፈቅዶ፣ መጋረጃ ስቦ፣ ሲጨርስ በቋንቋዋ ነግሯት ይሂድ ነው የምለው።

የሴቶቹን ነገር ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት። በአፍሪካ፣ በሕንድና በየመን በ14 አገሮች የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት 3,343 ሪውማቲክ የልብ ሕሙማንን ተከታትሏል። የእኛ አገር ሕሙማንም ነበሩበት። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት። የወር መርፌውን እየወሰዱ የተገኙት 55 በመቶ ናቸው። በመውለጃ ዕድሜ ካሉት 1,825 ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 3.6 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የተጠበበ ቫልቭ ይዞ ሳያቅዱ ማርገዝ ሕይወት ያስከፍላል። ብረት ቫልቭ ያላት ሴት ደግሞ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ዋርፋሪን በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በድንገት ካቆመችው ደግሞ ቫልቯ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ውይይቱ ከጋብቻና ከእርግዝና በፊት መደረግ አለበት። ባል ወይም እናት ባሉበትም፣ ብቻዋንም። የልብ ክሊኒኩና የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲልክ ግን እኔ አላየሁም።

ዋርፋሪንን በተመለከተ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በ24 አገሮች የተደረገ ጥናት፣ የልብ ምታቸው በተዛባ ሪውማቲክ ሕሙማን ላይ የቆየው ርካሽ የደም ማቅጠኛ ከአዲሱና ውዱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ ሕይወት እንዳተረፈ አሳይቷል። ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው። ነገር ግን ዋርፋሪን የሚሠራው አይኤንአር የሚባለው የደም ልኬት በየጊዜው ሲታይ ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ሪኤጀንት አልቋል፣ ውጭ አሠሩ" የሚለውን ነው፤ መመርመሪያው ኬሚካል የለም ማለት ነው። ከላይ በጠቀስኩት የ14 አገሮች ጥናት ላይም ደም ማቅጠኛ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ልኬታቸው በትክክለኛው ደረጃ ላይ የተገኘው 28 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ምግቡንም የሚያስረዳ ያስፈልጋል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያዳክማል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ጎመን ከማዕዳችን አይጠፋም፤ ሲፈታ ደግሞ ጎመኑ በአንድ ጊዜ ይቀራል። ልኬቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ "ጎመን እንዳትበዪ" ብቻ ይላሉ። ጾመኛ ድሃ ሴት ጎመን ካልበላች ምን ትብላ? ትክክለኛው ምክር መጠኑን ሳታበዢ ሳታሳንሺ በልኩ ብዪ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ልኬትሽን እናያለን የሚለው ነው። ይህን የሚለው ባለሙያ በሽተኛዋ የምትኖርበትን ቤት ያውቃል ማለት ነው።

ጠበልም እንደዚያው። ብዙ የልብ ሕሙማን ጠበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ያቆማሉ፣ ለሐኪሙም አይናገሩም፤ ይቆጣናል ብለው ይፈራሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለልብ ሕሙማንም ከሃይማኖት አባቶች ጋር፣ ከመስጊድ ኢማሞችም ጋር ሆናችሁ እንዲህ ያለ ቃል ብታሰሙ የሚተርፈው ሰው ቀላል አይሆንም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሎበታል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱትና በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በሕዝብ መዋጮ ጭምር የቆመ የሁላችን ኩራት ነው። ወረፋው ግን የሺዎች ነው። እያንዳንዱ ያልተሰጠ መርፌ ወደዚያ ወረፋ ሰው ይጨምራል።

የማሳስባችሁ አንድ ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ውስጥ ተሰብስበው ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት የአዲስ አበባ መግለጫ የተባለውን አወጡ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ መሪዎች ተቀበሉት። በውስጡ የሕሙማን መዝገብ፣ የማይቋረጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት፣ ለሴት ሕሙማን የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት፣ እውቀቱን ወደ ታች ማውረድ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ሕመም ላይ ውሳኔ አሳለፈ። እኔ ከላይ የጠየቅሁት ሁሉ እናንተም የተስማማችሁበት ነው።

ስለዚህ በየወረዳው የልብ ሕሙማን መዝገብ ይከፈት። መርፌ ያመለጣትን ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ሄዳ ትጠይቃት፤ ለክትባት እንደምታደርገው። ቤንዛቲንና አድሬናሊን አብረው ይላኩ። መርፌውን በሥርዓቱ ሰጥታ ችግር የገጠማትን ነርስ ሚኒስቴሩ ይቁምላት። አይኤንአር ቢያንስ በየዞኑ ሆስፒታል ይሠራ፣ በጤና መድኅንም ይሸፈን። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቻችንም ከሕሙማን ደም ወስደው፣ መጠይቅ አስሞልተው ሲያበቁ ያገኙትን ውጤት ተመልሰው ለእነዚያው ሕሙማን በአማርኛና በየቋንቋቸው ይንገሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቅርብ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። በየወረዳው ይህን መርፌ የሚሰጡት ጤና ጣቢያዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጡ ዝርዝሩን አውጡልን። በድረ ገጻችሁም፣ በሬዲዮም፣ በየሆስፒታሉ የልብ ክሊኒክ በርም ላይ። አንድም የማይሰጥበት ወረዳ ካለ እሱም በዝርዝሩ ላይ ይታይ። መልሳችሁን በአደባባይ እንጠብቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአንዲት ልብ ሕመምተኛ ወንድምና አስታማሚ